«ጂራ» እስኪል
በባሌ ደጋ ስለ መንተባተብና ስለ ድምፅ አያያዝ የተደረገ ዳሰሳ

ሮቤ ውስጥ ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጠዋት ስም ሲጠራ ልጆቹ የሚመልሱት «ጂራ» ብለው ነው፤ «አለሁ» ማለት ነው። አንድ ቀን እህቴ ስላመማት የስምንት ዓመት ልጇን እኔ አደረስኩትና በመስኮቱ በኩል ቆሜ አየሁት። የእሱ ተራ ሊደርስ አራት አምስት ስም ሲቀረው ትከሻው ወደ ጆሮው መውጣት ጀመረ። እጁ የዴስኩን ጠርዝ ጨበጠ። ስሙ ሲጠራ አፉ ተከፈተ፤ አገጩ ተንቀጠቀጠ፤ ቀኝ እግሩ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ። ድምፅ ግን አልወጣም። መምህሩ ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ ምልክታቸውን አድርገው ወደሚቀጥለው ስም አለፉ። ልጁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ብሎ እያለ ቀረ ተብሎ ተጻፈ።

መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ጊዜው አጭር ነው፤ ስለ መንተባተብ ደግሞ ያስተማራቸው የለም። እኔም ብሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ልጁን «ቀስ በል፣ ተንፍስ» ከማለት ያለፈ የማውቀው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ የሚባለውን፣ የሚደረገውንና በጥናት የተረጋገጠውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለማየት ሞክሬያለሁ። የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፤ ለሚንተባተብ ሕፃን የመጀመሪያው ሐኪም አጠገቡ ያለው አዳማጭ ነው። የሮቤና የጎባ ትልቁ ጉድለትም ለዚያ አዳማጭ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚነግረው ሰው አለመኖሩ ነው።

አማርኛችን ለንግግር ችግሮች የቃል ድሃ አይደለም። ፊደል የሚያሳስተውን፣ «ረ»ን «ለ» እያለ የሚናገረውን ኮልታፋ እንለዋለን። ቃሉ በአፍንጫው የሚወጣበትን ነፍናፋ እንላለን። ድምፁ የሻከረው ጎርናና ነው። ቃሉ አልወጣ ብሎት የሚደጋግመው ወይም የሚታገተው ደግሞ ተብታባ ይባላል። የድሮ ሰው የለያቸውን እነዚህን ነገሮች የዛሬው ሕክምናም የሚያያቸው ለየብቻ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ቢኮላተፍ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው ነው። ነፍናፋነት ከላንቃ መሰንጠቅ ጋር ሊያያዝ ስለሚችል ሐኪም ላንቃውን ማየት አለበት። መንተባተብ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ልጁ ምን ማለት እንደሚፈልግ ልቅም አድርጎ ያውቃል፤ ቃሉም ምላሱ ላይ አለ፤ መውጫው ላይ ነው የሚያዘው። የምጠላው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እነዚህ ቃላት የሰው መጠሪያ መሆናቸው። ሰፈር ውስጥ «ያ ተብታባው» የተባለ ልጅ ስሙን ለማስመለስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «የሚንተባተብ ልጅ» እላለሁ።

መንተባተብ ሦስት መልክ አለው። አንዱ የቃሉን መጀመሪያ መደጋገም ነው፤ «ው-ው-ው-ውሃ»። ሁለተኛው መጎተት ነው፤ «ሰሰሰሰላም»። ሦስተኛውና ከባዱ በእህቴ ልጅ ያየሁት ነው፤ አፍ ተከፍቶ ድምፅ የሚቆምበት። ከዚህ ጋር ዓይን መጨፈን፣ አንገት መስበር፣ እግር መምታት ይከተላል፤ ልጁ ከተያዘበት ለመውጣት የሚያደርገው ትግል ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ልጁ ዐረፍተ ነገር ማስረዘም በሚጀምርበት ወቅት ነው። ከመቶ ሕፃናት አምስት ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ ከእነዚህ ውስጥ ከሦስት አራተኛ የማያንሱት እያደሩ ይተዋቸዋል። ከአዋቂዎች ከመቶ አንድ ሰው ያህል አብሮት ይኖራል፤ ከእነዚህም ወንዶቹ ሴቶቹን በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣሉ። ሕዝቧ ከመቶ ሚሊዮን በላይ በሆነች አገር ከመቶ አንድ ማለት ከሚሊዮን ሰው በላይ ነው።

ሰው ግን ስለ ምክንያቱ የሚለው ሌላ ነው። ሮቤ ገበያ ውስጥ ብትጠይቁ ደንግጦ ነው ይሏችኋል፤ ዓይን ወግቶት ነው፤ ሌላው ላይ ሲያሾፍ ተጋባበት፤ እናቱ ቶሎ ጡት ነጠለችው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ጥፋቱን እናት ላይ መጣሉ ነው። እህቴ ስንት ሌሊት «ምን አድርጌው ነው?» እያለች እንዳደረች አውቃለሁ።

መድኃኒቱም እንደ ምክንያቱ ብዙ ነው። ጸሎትን፣ ዱዓንና ጠበልን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም፤ ቤተሰብን ያጽናናሉ፣ ልጁንም አይጎዱም። የምቃወመው ምላጩን ነው። በአገራችን እንጥል መቁረጥና ከሕፃን ድድ ግግ ማውጣት ገና ያልጠፉ ልማዶች ናቸው። ከምላስ ሥር ያለውን ጅማት ቢቆርጡት ምላሱ ይፈታል የሚለው አሳብም የዚሁ ዘመድ ነው። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም። በርሊን ውስጥ ዮሐን ዲፈንባኽ የሚባል ስመ ጥር የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1841 የሚንተባተቡ ሰዎችን ምላስ ከሥሩ እየሸረከተ ሊፈውስ ሞክሮ ነበር። ያውም ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን። ደም ፈሰሰ፤ መንተባተቡ ግን አልቆመም፤ አሠራሩም ተተወ። የሚንተባተብ ልጅ ምላስ ጤነኛ ነው። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ያው ልጅ ሲዘፍን አብዛኛውን ጊዜ ቃል አይያዝበትም።

የባሌ ሰው በጸሎቱ ቢለያይም በዚህ ጉዳይ አንድ የጋራ ምስክር አለው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 ላይ ሙሴ አንደበቱ ከባድ መሆኑን ለፈጣሪው ይናገራል። በቁርኣን ሱረቱ ጣሃ ውስጥም ነቢዩ ሙሳ ከምላሱ ላይ ያለው ቋጠሮ እንዲፈታለት ይለምናል። በሁለቱም ዘንድ ወንድሙ አሮን፣ ሐሩን፣ አጋዥ ሆኖ ተሰጥቶታል፤ በሁለቱም ዘንድ ሙሴ ፈርዖን ፊት ቆሞ ተናግሯል። የሚያስተምሩ አባቶችና ሼኾች ይህን ታሪክ በአንድ ዓርብና በአንድ እሑድ ለወላጆች ቢያነሡት እኔ ከምጽፈው ይልቅ ብዙ ሰው ይሰማዋል።

ልጁን መገሠጽ ምን እንደሚያደርገው የሚያሳይ አንድ መራራ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ዴቨንፖርት ከተማ በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ውስጥ በ22 ልጆች ላይ ጥናት ተደረገ። ጥናቱን የመራው ዌንዴል ጆንሰን ራሱ የሚንተባተብ ሰው ነበር። አጥኚዋ ሜሪ ቱዶር በጤና ይናገሩ ለነበሩ 6 ልጆች «ንግግራችሁ የተበላሸ ነው፤ አስተካክላችሁ ካልተናገራችሁ ዝም በሉ» የሚል መልእክት ደጋግማ ነገረቻቸው። ልጆቹ ተንተባታቢ አልሆኑም። የሆነው ሌላ ነው፤ መናገር ፈሩ፤ ዝም አሉ፤ ክፍል ውስጥ ተሸማቀቁ። ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ2001 ይቅርታ ጠየቀ፤ ግዛቱም በ2007 ለተጎጂዎቹ ካሳ ለመክፈል ተስማማ። እናት መንተባተብን በልጇ ላይ አታመጣም። ተግሣጽና ማፌዝ ግን ጤነኛውን ልጅ እንኳ ዝም ያሰኛል። ታዲያ እየታገለ ያለውን ምን ያደርገው ይሆን?

ምክንያቱ በአብዛኛው በዘር የሚወረስና ከአንጎል አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዴኒስ ድሬይና የሚመራ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን ብዙ ተንተባታቢዎች ካሉባቸው የፓኪስታን ቤተሰቦች ተነሥቶ ሦስት ጂኖችን ለየ፤ በ2015 ደግሞ ከአንድ ትልቅ የካሜሩን ቤተሰብ አራተኛ ተጨመረ። ጂኖቹ የሚያብራሩት የጥቂቱን ሰው ብቻ ነው። ቢሆንም ድንጋጤና ቡዳ ለሚለው ክርክር በቂ መልስ ናቸው። አያት፣ አጎት ወይም አባት የሚንተባተቡ ከሆነና የልጁም ካልተወው፣ ቤተሰቡ የሚጠብቅበት ሳይሆን ምክር የሚፈልግበት ጊዜ ነው። አዋቂ ሰው በድንገት መንተባተብ ቢጀምር ግን ይህ ሌላ ነገር ነው፤ የአንጎል ደም ዝውውር ችግር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ።

ስለ ሁለት ቋንቋ የሚባለውን ለይቼ ላንሣው፤ ሮቤና ጎባ ውስጥ በየቤቱ የሚነሣ ነውና። አባት በኦሮምኛ፣ እናት በአማርኛ፣ ጎረቤት በሁለቱም የሚያወራበት ቤት ብዙ ነው። ልጁ መንተባተብ ሲጀምር የመጀመሪያው ምክር «ቋንቋ ተደባልቆበት ነው፤ አንዱን ተዉት» የሚል ነው። ኦሮምኛ ለአፍም ለቋንቋም «አፋን» ይላል፤ አማርኛ የመጀመሪያ ቋንቋን አፍ መፍቻ ይለዋል። አፍ የተፈታበትን ቋንቋ ከልጅ መቀማት ምን ማለት እንደሆነ ሁለቱም ቋንቋዎች ራሳቸው ይናገራሉ። ሁለት ቋንቋ መናገር መንተባተብን እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር የለም። የእህቴ ልጅ ከአያቱ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ብቻ ነው፤ ያን ቢከለከል የሚያጣው አኮን፣ አያቱን፣ ነው። ሕክምና ሲገኝም ባለሙያው ልጁን በሁለቱም ቋንቋ መስማት አለበት፤ በአንዱ ብቻ ከሰማው ግማሹን ነው የሰማው።

አሁን ወደ ሚገርመው ነገር ልምጣ። የሚንተባተብ ሰው ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ ሲያነብ፣ ሲዘምር፣ ሲያንሾካሹክ አብዛኛውን ጊዜ ይለቀዋል። ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው፤ የሚንተባተቡ ልጆች በቄስ ትምህርት ቤት «ሀ ሁ ሂ ሃ»ን በኅብረት ሲያወርዱት፣ በመድረሳ የቁርኣንን አንቀጽ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲቀሩ ይህን ያያል መምህሩ። ከዚያ ያንኑ ልጅ ለብቻው ያስነሣዋል፤ ልጁ ይያዛል። «አሁን ሲል አልነበር? እልኸኛ ነው» ይላል፤ አለንጋም ይነሣል። ልጁ እልኸኛ ስላልሆነ ነው ይህን የምጽፈው። ብቻውን ቆሞ መናገርና ከሰው ጋር መናገር ለአንጎሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ይህን ያወቀ መምህር ከቅጣት ይልቅ መሣሪያ አገኘ ማለት ነው፤ ልጁን ከአንድ ጓደኛው ጋር አጣምሮ ሊያስነብበው ይችላል። ጓደኛው ድምፁን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይተወዋል። ለጉዳዩ ፈውስ አይደለም፤ ልጁ ግን የራሱን ድምፅ ክፍል ውስጥ ይሰማል።

ሕክምናው ምን ይመስላል? ለመንተባተብ ተብሎ የተፈቀደ ኪኒን የለም። ከትምህርት ቤት በፊት ላሉ ሕፃናት በሰፊው ከተጠኑት አንዱ በሲድኒ፣ አውስትራሊያ በማርክ ኦንስሎውና ባልደረቦቹ የተዘጋጀው የሊድኮም ፕሮግራም ነው። በዚህ አሠራር ሕክምናውን የሚሰጠው ወላጅ ነው። በየቀኑ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ከልጁ ጋር ተቀምጦ ያጫውተዋል፤ ያለ ችግር የተናገረውን ያመሰግናል፤ ባለሙያው በየሳምንቱ ይከታተላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ የ54 ሕፃናት ጥናት ይህን ከተከታተሉት ግማሽ ያህሉ ከዘጠኝ ወር በኋላ እምብዛም የማይንተባተቡ ሆነዋል፤ ካልተከታተሉት እዚያ የደረሱት ከመቶ 15 ነበሩ። በ2015 ደግሞ ኔዘርላንድ ውስጥ 199 ሕፃናት ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በዚህ ዘዴ፣ ግማሾቹ የቤቱን ሁኔታ በማርገብ ላይ በተመሠረተ ሌላ ዘዴ ታዩ። ከ18 ወር በኋላ ከሁለቱም ወገን ከመቶ ከ70 በላይ የሚሆኑት መንተባተብ ትተው ነበር። ለኔ ትልቁ ትርጉም ያለው እዚህ ላይ ነው። መንገዶቹ ይለያያሉ፤ በሁለቱም ውስጥ ግን ወላጁ በየቀኑ ጊዜ ሰጥቶ ከልጁ ጋር ይቀመጣል።

ከባሌ ለሚያነብ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2016 አውስትራሊያ ውስጥ ይኸው ሕክምና በቪዲዮ ጥሪ ቢሰጥ ውጤቱ በአካል ከሚሰጠው የማያንስ መሆኑ ታይቷል። ከሮቤ አዲስ አበባ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየሳምንቱ ልጅ ይዞ ሻሸመኔን አቋርጦ መመላለስ ለማን ይቻለዋል? ስልክ ግን በየቤቱ አለ።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚደረገው ይኸው ነው። «ቀስ በል» ማለት ይቁም፤ ልጁ ሲንተባተብ የሚሰማው ትእዛዝ ሆኖ ነው የሚቀረው። በእሱ ፈንታ ራሳችን ቀስ ብለን እንናገር፤ ልጅ ያየውን ይከተላል። ቃሉን አንቀማው፤ «ውሃ ነው?» ብለን አንጨርስለት። ሲያዝ ዓይናችን ከዓይኑ አይሽሽ። የጥያቄ ናዳ አናውርድበት፤ «ምን ተማርክ? ማን መታህ? ለምን አልበላህም?» ከማለት «ዛሬ ሣኔቲ ላይ በረዶ ሳይጥል አልቀረም፤ ብርዱ ያስታውቃል» ብሎ አንድ ነገር ጥሎለት ዝም ማለት ልጁን በራሱ ጊዜ ያስወራዋል። እንግዳ ሲመጣ «ና ዘፈኑን በልላቸው» ብሎ ማቆም ይቅር። እህቴ ያደረገችው ይህን ነው፤ ማታ ማታ ራት ከመቅረቡ በፊት ምድጃው ዳር አምስት ደቂቃ የእሱ ብቻ የሆነች ጊዜ ሰጠችው። ስልክ የለም፤ ታናሹም አያቋርጥም። ለንደን የሚገኘው የማይክል ፔሊን ማእከልም ለወላጆች የሚያስተምረው እንዲህ ያለችውን የአምስት ደቂቃ ልዩ ጊዜ ነው። ማእከሉ የተሰየመበት ተዋናይ ማይክል ፔሊን አባቱ ይንተባተቡ ነበር።

ከ6 ወር በላይ ከቆየ፣ በቤተሰብ ውስጥ ካለ፣ ልጁ መታገልና ቃል መሸሽ ከጀመረ ዝም ብሎ ይተወዋል ማለት አይበቃም። ቃል መሸሽ ማለት «ዳቦ» ማለት ፈርቶ «ያን ነገር» ማለት ነው። ይህን ያየ ወላጅ መንተባተቡ ወደ ውስጥ መግባት እንደጀመረ ይወቅ።

ላደጉትና ለአዋቂዎች ግቡ ይለያል። ቻርልስ ቫን ራይፐር የሚባል፣ ራሱ ዕድሜ ልኩን የተንተባተበ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ያስተማረው አሠራር ዛሬም ሥር ሆኖ ቆሟል፤ መንተባተብን መደበቅ ትቶ ሳይታገሉ መንተባተብን መልመድ። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ከአውስትራሊያዊው ላዮኔል ሎግ ጋር ዓመታት ሠርተው ነው በሴፕቴምበር 1939 ለሕዝባቸው የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት መጀመር በሬዲዮ የተናገሩት። መንተባተባቸው አልጠፋም። ተናገሩ። አሜሪካን እንደ ፕሬዚዳንት የመሩት ጆ ባይደንም በልጅነታቸው ይንተባተቡ ነበር። የሚንተባተብ ወጣት ሥራ ሲያመለክት ቃለ መጠይቅ ላይ «ስናገር ቃል ስለሚይዘኝ ትንሽ ታገሡኝ» ብሎ ቢጀምር ግማሹ ሸክም ይወርድለታል። ይህን ከመናገር በላይ የሚከብደው መደበቁ ነው።

ድምፅን ስለ መንከባከብ የምለው ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ያው ማንቁርት ነውና። ልዩነቱ የድምፅ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በራሳችን አያያዝ የሚመጣ መሆኑ ነው። ማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለት እጥፋቶች ወንድ ሲናገር በሰከንድ መቶ ጊዜ ያህል፣ ሴት ስትናገር ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ይጋጫሉ። ሴት መምህራን ቶሎ የሚጎዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በጩኸት ሲጋጩ ውለው ካደሩ፣ መጥረቢያ የያዘ እጅ ቆዳው እንደሚጠነክር ሁሉ፣ ጫፋቸው ላይ ትንሽ ጉብታ ይወጣባቸዋል። ድምፁ ይጎረንናል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ጥናቱ ሲካሄድ የድምፅ ችግር የነበረባቸው መምህራን ከመቶ 11፣ ሌሎች ሠራተኞች ከመቶ 6 ነበሩ፤ በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ እንኳ ያጋጠማቸው መምህራን ደግሞ ከግማሽ በላይ።

ባሌ ላይ ደግሞ የሚጨምርበት ብዙ ነው። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ጎባ ከ2,700 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነው። ገበሬው «ገና» እና «ቦና» በሚላቸው ሁለት የምርት ወቅቶች ስንዴና ገብስ ሲሰበሰብ የኮምባይነሩ አቧራ የሲናናንና የጋሰራን ወረዳዎች ይሸፍናል። ማድቤቱ በጭስ የተሞላ ነው። የጠመኔ ብናኝ አለ። መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ከንጋት ጀምሮ «ጎባ! ጎባ! ጎባ!» ሲል ይውላል። ከሰዓት በኋላ ስትሰሙት ድምፁ ሰልሎ ነው የምታገኙት፤ ሳምንቱን ሙሉ እየጮኸ ድምፁ የሚያርፈው ሌሊት ብቻ ነው።

ሰው ድምፁ ሲዘጋ የሚያደርገው አንዳንዱ ይረዳል፣ አንዳንዱ ያባብሳል። የሐረና ማር ሳልን ያረግባል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። የሚዋጥ ነገር ሁሉ በምግብ ቧንቧ ስለሚሄድ የድምፅ እጥፋቶቹን አይነካቸውም፤ ማርም፣ ተልባም፣ ዝንጅብልም። ከውስጥ የሚያረጥባቸው ቀኑን ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ የሚጠጣ ውሃ ነው። የፈላ ውሃ እንፋሎት መታጠንም ይረዳል፤ ልጅ አጠገብ ግን የፈላ ድስት አይቀመጥ። አረቄ ሙቀት የሚሰጥ ቢመስልም ያደርቃል፤ ጫትና ሲጋራም እንዲሁ። «እህ! እህ!» እያሉ ጉሮሮ መጥረግ እጥፋቶቹን እርስ በርስ ማጋጨት ነው፤ በእሱ ፈንታ ምራቅ መዋጥ ወይም ውሃ መጎንጨት ይሻላል። ድምፅ ሲዘጋ ማንሾካሾክም እረፍት አይደለም፤ ዝም ማለት ነው እረፍት።

ለመምህር የምመክረው ክፍል ከመግባት በፊት ሁለት ደቂቃ ነው። እንደ ፈረስ ከንፈርን «ብርርር» እያሰኙ ድምፅን ማሞቅ፤ ይህን ለባሌ ሰው ማስተማር አያስፈልግም። ወይም በቀጭን ቀሰም ውሃ ውስጥ «ኡ» እያሉ መንፋት፤ እጥፋቶቹ ሳይፋጩ ይላወሳሉ። ክፍል ውስጥ ዝምታ ለማስገኘት ማጨብጨብ እንጂ መጮህ አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳውንም በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ።

ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ከሻከረ ሐኪም ጉሮሮውን ማየት አለበት፤ በተለይ የሚያጨስና ዕድሜው ከ45 በላይ የሆነ ሰው። ደም፣ የመዋጥ ችግር፣ አንገት ላይ እባጭ ካለ 3 ሳምንትም አይጠበቅ። ደጋው ላይ እንቅርት የታወቀ ነው፤ አድጎ ማንቁርትን ሊጫን ይችላል። አዮዲን ያለው ጨው መግዛትም ከድምፅ አያያዝ አንዱ ነው።

ስሙ ከመጀመሪያው ሙአዚን ከሐበሻዊው ቢላልና ከዜማው አባት ከቅዱስ ያሬድ ጋር የሚነሣ አገር ለድምፅ ዋጋ የማይሰጥ አገር አይደለም። የጎደለን ድምፅ ሲታመም የሚታከምበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጅምር አለ። የካቲት 12 ሆስፒታል የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ቀዶ ሕክምናን ከንግግር ሕክምና ጋር ሲያያይዝ ቆይቷል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የንግግርና የቋንቋ ሕክምና በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ተጀምሯል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማእከል ከራሳችን ፊደል የተነሣ የንግግር ማስተማሪያ ተጠቅሟል። ባለሙያዎቹ ግን ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ዋና ከተማው ውስጥ።

ሮቤ ላይ መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጎባ ሆስፒታል ማስተማሪያው ነው። ሮቤ ውስጥ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የምጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም። ጎባ ሆስፒታል ላይ አንድ የንግግር ሕክምና ባለሙያ መደብ ይከፈት፤ እስኪከፈት በስልክ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ጋር የሚያገናኝ አንድ ክፍል ይዘጋጅ። ኮሌጁ ለሚመረቁ መምህራን ስለ መንተባተብና ስለ ድምፅ አያያዝ ግማሽ ቀን ያስተምር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ክትባት ሲጠይቁ «ልጁ እንዴት ነው የሚናገረው?» ብለው አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። ጥቅምት 12 ቀን ዓለም አቀፍ የመንተባተብ ግንዛቤ ቀን፣ ሚያዝያ 8 የዓለም የድምፅ ቀን ነው፤ ለመጀመር ሁለት ቀን ይበቃል።

ለመምህራን ደግሞ ይህን እለምናችኋለሁ። ነገ ጠዋት ስም ስትጠሩ፣ ስሙን ከጠራችሁ በኋላ ቀና በሉ። ልጁ ካልመለሰ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ እጅ ማንሣትንም እንደ መልስ ተቀበሉ። «ቀረ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለተኛውን ረድፍ እዩልኝ።